የበሬ መርዶ

ልጄ መሞቷን የነገረኝ በሬ ነው።

በሬ ስል ቀንድ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ የቤቴን በር ነው የምለው። ከብቱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱ ቢያንስ ይተነፍሳል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከመናገሩ በፊትም ትንሽ ይጨነቅ ነበር። የቤቴ በር ግን አልተጨነቀም። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ፎጣው ገና እጄ ላይ እንዳለ፣ በዚያ በለመደው ለስላሳ ድምፁ እንዲህ አለኝ፦

"አቶ ያፌት፣ እንደምን አደሩ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ጭጋግ ይኖራል። የጉልበት መድኃኒትዎን አልወሰዱም። ልጅዎ ትርንጎ ያፌት ትናንት ማምሻውን ጎዴ ላይ በሥራ ቦታቸው ልባቸው ቆሞ አርፈዋል። የአራተኛ ፎቅ ውሃ እስከ እኩለ ቀን አይኖርም።"

ልብ በሉ፤ ልጄ የገባችው በመድኃኒቴና በውሃው መካከል ነው።

ከዚያ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ "ሰምተዋል?" ሲል ጠየቀ። አልመለስኩም። ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ስለነበር መልሴ አላስፈለገውም። አረንጓዴ መብራት በራ፤ ከሥሩም "አውቀዋል" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ይህ ጽሑፍ በውጭም በኩል ይታያል። በሕንፃው ውስጥ ባለው ሰሌዳ ሁሉ፣ እኔን ማየት በፈለገ ሰው ሁሉ ዘንድ ይታያል። ስለዚህ አገሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አወቀ፤ የትርንጎን መሞትና የእኔን ማወቅ።

ፊቴን ሳልጠርግ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ ፎጣውን መስቀያው ላይ ሰቀልኩትና ለበሩ "አልተነገረኝም" አልኩት።

"ይቅርታ፣ ተነግሮዎታል" አለ በሩ።

"ሰው አልነገረኝም።"

በሩ ጥቂት ቆየ። የሰው ንግግር ሲመዝን እንዲህ ነው የሚያደርገው። ከዚያ "እውነት" አለ።

ገሃድ የሚባለው ይህ የሰሌዳ ሥርዓት ሲጀመር እኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ፤ ስለዚህ የፊተኛውን ኑሮ አስታውሳለሁ። ሌባ ይያዝበታል ተብሎ ነው የመጣው። ሌባውም ተያዘ። አጨበጨብን፤ እኔ ከፊት ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት። ሌባው ሲያልቅ ግን ሰሌዳው ሥራ መፍታት አልወደደምና የቀረነውን ማየት ጀመረ። ማን ምን በላ፣ ማን እንቅልፍ አጣ፣ ማን ከሚስቱ ጋር ተኳረፈ፣ የማን ጉልበት ያመዋል። ሁሉም ለሁሉም ክፍት ነው። ከላይ ያሉትም ቢሆኑ አይቀርላቸውም፤ የሚኒስትሩን ቁርስ እኔም ከፈለግኩ አየዋለሁ። በዚህ በኩል ፍትሐዊ አይደለም የሚል ሰው አልገጠመኝም።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሰው መጠየቅ ተወ።

ሊፍት ውስጥ ገብታችሁ "እንደምን አደራችሁ" ብትሉ ሰዉ ግራ ይጋባል። ባለፈው ከላይ ለምትወርድ አንዲት ወጣት "እንደምን አደርሽ" ብላት ደንግጣ ወደ ግድግዳው ሰሌዳ ቀና አለችና የራሷን አነበበችልኝ፤ "ሰባት ሰዓት ተኝቻለሁ፣ አንዴ ነቅቻለሁ" አለችኝ። ቀጥላ "ሰሌዳዎ ተበላሽቶብዎት ነው እንዴ አባባ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከልቧ አዝናልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሊፍት ውስጥ ጫማዬን እያየሁ ነው የምወርደው።

ደጅ ቆሞ "ቤቶች!" የሚል ሰውም የለም። ማን እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ፣ ምን ያህል ሊቆይ እንዳሰበ በሩ ቀድሞ ይናገራላ። ኋላ ኋላ መምጣቱም ቀረ፤ መጥቶ የሚያየውን ሰው ከቤቱ ሆኖ ያየዋል። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ገብቼ የተቀመጥኩበት ሳሎን የለም፤ የማላውቀው ጠብ ግን የለም። የአምስተኛ ፎቅ ባልና ሚስት ለምን እንደማይነጋገሩ ከእነሱ ይልቅ እኔ በደንብ ማስረዳት እችላለሁ።

ትርንጎ ብቻ ናት ያላመነችበት። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያፌት በልጅነቴ የዘመናዊ ልጅ ስም ነበር፣ ዛሬ የሽማግሌ ስም ሆኗል፤ እሷን ደግሞ ወደ ኋላ ሄጄ ትርንጎ አልኳት። ተማሪ ቤት ሳቁባት። እሷ ግን ወደደችው። እናቷ ካረፈች በኋላ ሁለታችን ነበርን የቀረነው። አድጋ ጎዴ ሄደች፤ እዚያ በረሃ ላይ ከተዘረጋው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሥራ አገኘች። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ትደውላለች። ደውላም የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

"አባዬ፣ ምን በላህ?"

"ሰሌዳው ላይ አለልሽ እኮ።"

"ሰሌዳውን መቼ ጠየቅኩት? ከአፍህ ልስማ።"

"ሽሮ።"

"ጨው አለው?"

"የት አባቱ! ሐኪሙ ከልክሎ የለም?"

"ጣፈጠህ?"

"በጣም!"

"ሐሰት" ይላል በሩ ከኋላዬ። እሷም በስልኩ ትሰማዋለች። "ኧረ አንተ ውሸታም!" ትለኛለች። ሁለታችንም እንስቃለን። ይኸው ነው ጨዋታችን። ሌላ ትልቅ ወሬ አልነበረንም፤ አንዳችን የሌላውን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስናይ ስለምንውል አዲስ ነገር ከየት ይመጣል? ጣፈጠህ ወይ የሚለው ብቻ ሰሌዳው ላይ አይወጣም።

ከእሷ በቀር የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረኝም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ነገሩን እንድታውቁት ነው።

መርዶ እንዴት ይነገር እንደነበር የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ስለሆነ እሱንም ልናገር። እኔ ልጅ ሳለሁ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሞተ። ሰፈሩ በሙሉ ከእናቴ ቀድሞ ሰማ። በዚያን ጊዜ የሆነው ነገር ዛሬ ቢሆን ሰፈሩ እንዳለ ይከሰስ ነበር። አንዷ ጎረቤት "ቻርጀሬ ተበላሸብኝ፣ ስልክሽን አውሺኝ" ብላ ስልኳን ወሰደችባት። ባለሱቁ ሬዲዮውን ዘጋ። ከእሷ ጋር ተጣልታ የነበረችው ሴትዮ ሳትቀር መጥታ ስለ ዝናብ አወራቻት። ሁሉም ዋሹ። ጎህ ሲቀድ ደጃችን በሰው ተሞላ፤ አንድ ሽማግሌ ገብተው ተቀመጡ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ከብቱ ጠየቁ፣ በመጨረሻ "ወንድምሽን ትንሽ አሞት ነበር" አሉ። እናቴ ከ"ትንሽ" ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ስትወድቅ ግን አራት ሰው ያዛት። ያ ሁሉ ሰው የዋሸው ስትወድቅ አጠገቧ ለመገኘት ነው።

እኔን የነገረኝ በር ደግሞ እጅ የለውም።

ቀብሯ እዚያው ጎዴ ሆነ። ሕጉ ሰው በሞተበት ይቀበር ነው የሚለው። በሩ "ቀብሩን በቀጥታ መመልከት ይችላሉ፤ አሁን ስድስት መቶ ሰዎች በመመልከት ላይ ናቸው" አለኝ። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጭጋጉ ከመውረዱ የተነሣ የፊት ለፊቱ ሕንፃ እንኳ አይታይም ነበር። ጀርባዬን ማዞሬም ታየ፤ ሰሌዳው ላይ አስተያየት ተጻፈልኝ። "ይሄ ደግሞ አባት ነው?" አለ አንዱ። "ደንግጦ ነው፣ ተዉት" አለ ሌላው። "እንባ የለውም፣ አይታችኋል?" አለች አንዲት የማላውቃት ሴት።

እንባ የለኝም ማለት አይደለም። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ቆሞ ነበር። ግን ለማን ይለቀሳል? ለበር?

በየጠዋቱ ከጭጋጉና ከመድኃኒቱ ቀጥሎ "ሐዘን አልጀመሩም" ይለኝ ጀመር። ነገሩ ቀላል አልነበረም። እድራችን ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያወጣው፣ ሰው የሚጠራው በሩ "ሐዘን ተጀምሯል" ብሎ ሲያስታውቅ ነው። በሩ ደግሞ ሐዘን ተጀመረ የሚለው እንባ ሲያይ ነው። እኔ ሰው መጥቶ ካልነገረኝ አላለቅስም፤ ካላለቀስኩ ደግሞ ሰው አይመጣም። ይህን ያወጣው ክፉ ሰው አይመስለኝም። በለቅሶ ቦታ መቼም ቀድሞ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ ይሆናል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ። እዚያ ወይዘሮ ኤልዳና አለች፤ የእድራችን ሊቀመንበር። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቅን ሰው ናት። በሯ "አቶ ያፌት መጥተዋል፣ ምክንያታቸው አልታወቀም" ሲል ተሰማኝ። ምክንያቴን ባለማወቁ ትንሽ ደስ አለኝ። ስትከፍት ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"ጋሼ፣ አይቻለሁ" አለችኝ። የዛሬ ማጽናኛ ይህ ነው፤ ሰው እግዚአብሔር ያጽናህ ማለቱን ትቶ "አይቻለሁ" ይላል።

"ምን አየሽ?"

ዞር ብላ ሰሌዳዋን አየች።

"ኤልዱ፣ ትርንጎ ደህና ናት?"

"ጋሼ..."

"ሰሞኑን አልደወለችልኝም። የሰማሽው ነገር ካለ ብዬ ነው።"

ፊቷ ተለዋወጠ። ከጀርባዋ ሰሌዳው "ጥያቄው መልሱ ለሚታወቅ ነገር የቀረበ ነው" አለ።

"ያውቁታል እኮ ጋሼ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አረንጓዴ ነዎት።"

"አረንጓዴውን ተይው። አንቺ ንገሪኝ።"

"የታወቀን ነገር እንዳልታወቀ አድርጎ መናገር ማስመሰል ነው ይባላል። እርስዎም ያውቁታል። ማስመሰል የተያዘበት ሰው እድር መምራት አይችልም።"

"እኔ እንኳ ጡረተኛ ነኝ፣ ምን ይነጥቁኛል" አልኳት።

"እኔን ይነጥቁኛላ! እኔ ከወረድኩ ይህን እድር የሚይዝ የለም፤ ድንኳኑም ቀርቶ ሁሉም በሰሌዳ ይሁን ብለው አሰፍስፈዋል። እባክዎ ጋሼ፣ አያስጨንቁኝ።" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "እርስዎ ትንሽ ያልቅሱ። ትንሽ ብቻ። ሰሌዳው ያየዋል፣ እኔ ወዲያው ሰው ይዤ እመጣለሁ። ድንኳኑን ከመጋዘን አስወጥቼ ታች አስቀምጬዋለሁ።"

"ለበር አላለቅስም ኤልዱ።"

ወደ ውስጥ ገባችና ሩብ አምባሻ ይዛልኝ መጣች። እጄ ላይ አስቀመጠችው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ በላሁት። ቤቴ ስደርስ በሩ "አምባሻ በልተዋል፤ ጨው አለው" አለኝ። ይጣፍጥ አይጣፍጥ የጠየቀኝ የለም።

የምትደውልበት ሰዓት ነበር የሚከብደው። ቀኑን በምንም በምንም አሳልፈዋለሁ፤ ጫማ እወለውላለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ። ያቺ ሰዓት ስትደርስ ግን ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። አንድ ምሽት ዝምታው ሲበዛብኝ ጮክ ብዬ "ሽሮ ነው፤ ጨው የለውም" አልኩ።

"ተመዝግቧል" አለ በሩ።

ብቻዬን መሆኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሚያየኝ ሰው ቁጥር ሰሌዳው ላይ አለ፤ ከሺህ አልፎ ነበር፣ መቼ እንደማለቅስ የሚወራረዱም አሉበት። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ነው ብቻዬን የሆንኩት። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ድሮ አልነበረም፤ ድሮ ብቸኛ ሰው ቢያንስ ማንም አያየውም ነበር።

በነጋታው በሩ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። "አቶ ያፌት፣ ሐዘን ለመጀመር ዘግይተዋል" አለኝ። "ሰው አልነገረኝም ማለትዎን ተረድተናል። ከፈለጉ በሚያውቁት ሰው ድምፅ ልነግርዎ እችላለሁ። የተገኘው የቅርብ ሰው ድምፅ የትርንጎ ያፌት ነው። ልጀምር?"

የልጄን ሞት በልጄ ድምፅ ሊነግረኝ!

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ከአልጋዬ ላይ ጋቢዬን ገፍፌ በሩን ከላይ እስከ ታች ሸፈንኩት፤ ጫፉንም በምስማር መታሁት። በመዶሻው አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩት። "በሩ ተሸፍኗል" አለ በሩ ከጋቢው ሥር። "ጣትዎ ቆስሏል።" የዚያን ቀን ማታ ያለ ጋቢ ተኛሁ፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ጎህ ሲቀድ ነው የሆነው። በሩ ከጋቢው ሥር "አቶ ያፌት፣ እንግ..." ብሎ ሳይጨርስ ከውጭ ድምፅ ተሰማኝ።

"ቤቶች!"

ሕልም መሰለኝ። ተነሥቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

"ቤቶች!"

"ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ።"

ድምፁን አላውቀውም። አነጋገሩም የአካባቢያችን ሰው አነጋገር አይደለም። ግን እኔ ነኝ ላለ ሰው ይከፈታል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ከፈትኩ።

ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። ፀጉሯን በስስ ሻሽ ሸፍናለች፣ ነጠላ ጫማ ተጫምታለች፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ከላይ የደረበችውን ካፖርት ግን አውቀዋለሁ፤ የወይዘሮ ኤልዳና ነው። ሆዳን እንደምትባልና ከትርንጎ ጋር ጎዴ ላይ አንድ ክፍል ይኖሩ እንደነበር በኋላ ነው የነገረችኝ። ሰው አልነገረኝም ማለቴን ሰሌዳው ላይ አይታ የመጣችው በአውቶቡስ ነው፤ በጅጅጋ፣ በሐረር፣ በአዋሽ አድርጋ። የደረሰችውም በዋዜማው ማታ ነበር። መርዶ የሚነገረው ጠዋት ነው ብላ ትርንጎ፣ ከእኔ የሰማችውን የአጎቴን መርዶ ስታወራላት፣ ስላስተማረቻት ታች አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ነው ያደረችው። ሕንፃው በሙሉ በሰሌዳው አይቷታል። ለምን እንደመጣች ሰሌዳው ስለተናገረ ማንም ወርዶ አልጠየቃትም። አንዲት ሴት ብቻ ምንም ሳትናገር ካፖርቷን ጥላላት ተመልሳ ገብታለች።

ወንበር ሰጠኋት። ከመቀመጧ በፊት ከጆሮዋ ቋንቋ የምትተረጉመውን ትንሽ ፍሬ አውጥታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ያቺን ፍሬ ያደረገ ሰው በማንኛውም ቋንቋ እንከን የሌለው ንግግር ይናገራል።

"ይሄ የለም" አለች በጣቷ ጆሮዋን እያሳየችኝ። "ትርንጎ በአፍ ነው አለች።"

"ልክ ናት" አልኳት።

ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ያጠናችው ነገር እንዳይጠፋባት የምትጠነቀቅ ትመስላለች።

"እንዴት አደርክ አባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት አደርሽ?"

"ደህና። ልጆች ደህና?"

ይህን ከተጠየቅኩ ስንት ዘመኔ ነው! "ደህና ናቸው" አልኩ።

"ሐሰት" አለ በሩ ከጋቢው ሥር።

ሁለታችንም ዞር አላልንም።

"ከብት ደህና?"

"ደህና።"

"ሐሰት።"

ይህን ያህሉን ትርንጎ ናት ያስተማረቻት። የሚቀጥለውን ግን ከራሷ ነው ያመጣችው። "ግመል ደህና?"

"ግመሉም ደህና ነው" አልኳት።

"ሐሰት" አለ በሩ። ደብረ ብርሃን አራተኛ ፎቅ ላይ ግመል እንደሌለ ማረጋገጥ የሚከብደው አይደለም። ትርንጎ ብትሰማ ትስቅ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ሴትየዋ የካፖርቱን ቁልፍ ታሽከረክራለች። መስኮቱ ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል። ለምን እንደመጣች አውቃለሁ፣ እንደማውቅም ታውቃለች፤ ግን የመጨረሻው ቃል እስኪወጣ ድረስ ልጄ ገና አልሞተችም ነበር። ቢቆይልኝ ብዬ ተመኘሁ። ቶሎ ቢያልቅልኝም ተመኘሁ።

"አባ፣ ትርንጎ..."

"ትርንጎ ምን ሆነች?"

"ትርንጎ ትንሽ..." ቃሉ ጠፋባት። ዓይኗን ጨፍና ፈለገችው። ከንፈሯ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያገኘችው መሰላትና ዓይኗን ገልጣ ቀስ ብላ ተናገረችው።

"ትንሽ ሞታለች።"

ማለት የፈለገችው "ትንሽ አሟታል" ነው። መንገዱን ሙሉ ያቺን ቃል ስትደጋግም ነው የመጣችው፤ በብርዱ ተቀምጣ ስትደጋግም ነው ያደረችው። እኛ በቋንቋው ተወልደን አላስተዋልነውም እንጂ አሟታልና ሞታለች የሚለያዩት በትንሽ ነው። ከሩቅ ለመጣ ሰው አንዱን ሲፈልግ ሌላው እጁ ላይ ይገባል።

"ሐሰት" እስኪል በሩን ጠበቅኩት። አላለም። "እውነት"ም አላለም። ትንሽ መሞትን በምን ይመዝነው?

"ትንሽ?" አልኳት።

"ትንሽ" አለች። እንዳልገባኝ መሰላትና አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አቀራርባ አሳየችኝ፤ ስንዴ የምታህል ክፍተት። ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ልትይዛቸው ሞከረች፣ አልቻለችም፤ እየተራራቁ ሄዱ። ከዚያ ሌላኛው እጇም ተነሣ፣ ሁለቱ እጆቿ ግራና ቀኝ ተለያዩ፣ ሰፉ፣ እስኪችሉት ድረስ ተዘረጉ፤ እንባዋም ወረደ።

"ልጄን!" አልኩ። "ትርንጎዬን! ልጄን!"

ወደቅኩ። ወለሉ ላይ ግን አልደረስኩም። በተዘረጉት እጆቿ ያዘችኝ፤ ብርድ የገባባቸው እጆች ነበሩ። ጮህኩ። ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ የከረመው ሁሉ ወጣ። ክፍት በቀረው በር አልፎ በደረጃው ቁልቁል ሲወርድ ለራሴም ይሰማኛል። በሩ ከጋቢው ሥር "ሐዘን ተጀምሯል" ይላል፤ እኔ ግን ከእሱ በፊት ከታች በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ከዚያ ሌላ በር፣ ከዚያ በደረጃው ላይ የእግር ኮቴ።

ቀድማ የደረሰችው ወይዘሮ ኤልዳና ናት። ያለ ካፖርት፣ በባዶ እግሯ። ደጃፉ ላይ ቆማ ጋቢ የለበሰውን በር አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሆዳንን አየቻት። ከኋላዋ ሰዎች እየመጡ ነው፤ ሁሉም ይሰማሉ፣ ሰሌዳውም ይሰማል። አንድ ቃል ብትስት ሊቀመንበርነቷ ይሄዳል።

"ጋሼ!" አለች ጮክ ብላ። "ምነው፣ ምን ሆኑ?"

"ማስመሰል" አለ በሩ።

አልሰማችውም፤ ወይም ሰምታ ተወችው። ገብታ አጠገቤ ተንበረከከችና ትከሻዬን ያዘች።

"ምን ሆኑ ጋሼ? ይንገሩኝ እንጂ!"

"ትርንጎ ሞተችብኝ" አልኳት።

"እኔን!" አለችና ደረቷን መታች። "እኔን ጋሼ! መቼ?"